ባለቤቷ የሌለችበት ደን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለተሾመች፣ ድሬዳዋ

እታለም፣ እንዴት ነሽ? ሙቀቱን ለመድሽው ወይስ እየታገልሽው ነው? ባለቤትሽ ጋሽ ሣህሌስ ደኅና ናቸው? ሔርሜላ ጥርስ አወጣች? እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቦንጋ ዝናቡ ጀምሯል፤ ጭቃችንን በሙቀትሽ ብንለዋወጥ ሁለታችንም እናተርፍ ነበር።

የአባባን ነገር ልንገርሽ። አምና ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው ከዛፍ ከወደቁ ወዲህ ከማንኪራ አምጥቼ እኔ ጋ እንዳስቀመጥኳቸው ታውቂያለሽ። ዳሌያቸው ድኗል፤ ልባቸው ግን አልዳነም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። የአንቺም ነገር አለበት፤ ሳትነግሪያቸው አግብተሽ ከሄድሽ ጀምሮ ስምሽን አንስተው አያውቁም። ሰው ዝም ብሎ ሲከስም ማየት ያስፈራል።

አናጢ የሚያውቀው እንጨት ነው። እሳቸውን ከግድግዳው የሚመልስ ጨዋታ ልሥራ ብዬ የማንኪራን ደን ከነጅረቱ ኮምፔርሳቶ ላይ ሣልኩና በትንንሽ ደኖች ከፋፈልኩት፤ ከቁርጥራጭ እንጨትም አራት ዓይነት ቀለም የተቀቡ ትንንሽ ቀፎዎች ሠራሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው አንድ ቀፎ ይሰቅላል፤ በአንድ ደን ብዙ ቀፎ ያለው ባለደን ሆኖ ነጥቡን ይወስዳል። የሌላውን አውርዶ የራሱን መስቀልም ይችላል ብዬ ደነገግሁ። ጎረቤቶቻችንን፣ ባለሱቁን ጀማሉዲንንና ሚስቱን ጠይባን ጠርቼ አባባን አብረን እንጫወት አልኳቸው። ጀማሉዲን ገና አንድ ቀፎ ሲያወርድ፣ አባባ በስተርጅና የሰው ቀፎ ላወርድ ነው ወይ ብለው ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ። የማንኪራ ሰው ሆኜ የሰው ቀፎ ማውረድ ነውር መሆኑ እንዴት እንደጠፋኝ እንጃ።

ማውረዱን ከለከልኩ። ያኔ ደግሞ ቀድሞ የሰፋው እስከ መጨረሻው መሪ ሆነ፤ ጀማሉዲንም እያዛጋ ወደ ሱቁ ሄደ። ኋላ ወጋችን ትዝ አለኝ። በሰው ደን ቀፎ መስቀል የፈለገ ያስፈቅዳል፣ ከማሩም ለባለደኑ ያካፍላል። ስለዚህ አስፈቅዶ የገባ ሁለት ነጥብ፣ የፈቀደም አንድ እንዲያገኝ አደረግሁ። ወደ ኋላ የቀረውም ተስፋ አገኘ። ታዲያ ጠይባና ባሏ እርስ በርሳቸው ብቻ እየተፈቃቀዱ አራቆቱን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው። ለአንድ ሰው በተከታታይ መፍቀድ ክልክል ነው ብዬ ያንንም ቀዳዳ ደፈንኩ።

ያን ዕለት አባባ እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ለማስፈቀድ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ እጅ ነሥተው፣ የባለደኑን ጤና ጠይቀው ነበር። በነጥብ ጭራ ሆኑ፤ ቢሆንም ደግሞ እንጫወት አሉ። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጠይባ ለአረፋ ጅማ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ እስካሁን አልተመለሰችም። ሐሙስ ዕለት ቢጫ ቀፎዎቿን ላነሣ ስል አባባ ከለከሉኝ። ለተሾመች ይሁኑ አሉ። ስምሽን ጠሩ፣ እታለም። ባንቺ ፈንታ እኔ እየሰቀልኩ ጅረቱ ዳር ያለውን ትልቁን ደን ያዝሽ። አባባ እዚያ መግባት ፈለጉ። ግቡ ብላቸው፣ አንተ ባለደን አይደለህም፣ ባለቤቷ ትጠየቅ አሉ። ጨዋታው እንደቆመ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ባለቤቴ ህይወት አቧራ ልትጠርግ እንኳ አልተፈቀደላትም።

እንዲገቡ ትፈቅጂ እንደሆነ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ጻፊላቸው።

ጋሽ ሣህሌን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ሔርሜላን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ። ህይወት በጣም ትናፍቅሻለች። ጀማሉዲን ደን የያዘችብን እህትህ እንዴት ናት ይላል። አባባ ሰላም በልልኝ አላሉም፤ ይህን ስጽፍ ግን ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ነጭ ቀፏቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

ወንድምሽ አብነት
ቦንጋ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.