አያ ዳኘው ላይ የተለጠፈው ስህተት

ሐሙስ፣ ሐምሌ 18 ቀን

ዛሬ አለቃዬን ማነቅ አማረኝ። ኮምፒውተር ላይ በፈጠረው ሰማይና በፈጠረው የዝናብ ልኬት ሞክሮ፣ የአይከል የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ቢዘጋ የአየር ትንበያችን አይጎዳም ይለናል። ለአይከል ልኬት ‹ይህን ያህል ይሳሳታል› ብሎ የሰጠውን የስህተት መጠን ሳይ ደሜ ፈላ፤ የሌሎቹ ጣቢያዎች ሦስት እጥፍ ነው። እንዲህ ከሆነማ ኮምፒውተሩ አይከልን ከቁጥር አያስገባውም!

"ይሄን ከየት አመጡት?" አልኩት።

"ገመትኩ። ሽማግሌ ገበሬ የለካውን ማን ያምናል?"

አይከልን ረግጦ አያውቅም።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የአይከሉን ዝናብ የሚለኩት አያ ዳኘው ናቸው።

"ልጄ፣ ውኃውን ወደ መለኪያው ስገለብጥ ጥቂት ፈሰሰብኝ። የዛሬውን እንዳታምኑት፣ ሰርዙት።"

አለቃዬ የማያምናቸው ሰው የፈሰሰችውን ጥቂት ውኃ እንኳ አይደብቁም! ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አለቃዬ ፊት አስቀመጥኩት።

"አያ ዳኘው፣ እስኪ ይድገሙልኝ" አልኩ።