የማለዳው ቁጥር

ጥቅምት 12
ሥራ በዝቶ ዋለ። የአሥራ አንድ ሰው ዓይን ለካሁ፣ አራት መነጽር አስረከብኩ። ከሰዓት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መጡ። የመጨረሻውን መስመር አያዩትም፤ ግን ይገምታሉ። «ይሄ... ስምንት» አሉ። ሦስት ነው። «ጋሼ፣ ካልታየዎት አይታየኝም ይበሉኝ፤ ፈተና እኮ አይደለም» አልኳቸው። ሳቁና እንደገና ገመቱ።

እግሬ አብጧል። ዛሬ ሃያ ስድስት ሳምንት ሞላኝ። ልጁ ከምሳ በኋላ ብቻ ነው የተነቃነቀው... ሰነፍ። ማንን መስሎ ይሆን?

ነገ ቁርስ ሳልበላ የደም ምርመራ።

ጥቅምት 13
ለስኳር ምርመራው የሚያጠጡት ነገር አይጣል ነው። ጥርስ እስኪያም ጣፋጭ። በአምስት ደቂቃ ጨርሺው ተባልኩ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ ሦስት ጊዜ ደም መስጠት። አጠገቤ የነበረችው ሴት አስመለሳት፤ ሌላ ቀን ተመለሺ አሏት። አሳዘነችኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት እያየሁ ቻልኩት።

ጥቅምት 16
ሥራ ላይ እያለሁ ተደወለ። አዋላጇ ሲስተር ነች። «የእርግዝና ስኳር ተገኝቶብሻል። አትደንግጪ።» አትደንግጪ ተብሎ የማይደነግጥ ሰው አለ?

«ጣፋጭ ስለምወድ ነው?» አልኳት።

«አይደለም። የእንግዴ ልጁ የሚያመነጨው ነገር ኢንሱሊንሽን ሥራ ያስፈታዋል። አንዳንዱ ሰውነት ይቋቋመዋል፣ አንዳንዱ ያቅተዋል። ከቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?»

«አባቴ።»

ስትጽፍ ይሰማኛል።

አባዬ... አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሁለት የእግር ጣቶቹ ሲቆረጡ። በየማለዳው መኝታ ቤቱን ከውስጥ ይቆልፋል፣ መርፌውን ይወጋል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወጥቶ ሻይ ይጠይቃል። ስለ በሽታው ተነስቶ አያውቅም። እናቴም እስክትሞት ድረስ የበሽታውን ስም ስትጠራ አልሰማሁም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። «እና አሁን ምን ይደረጋል?» አለ። እኔ ምን አውቄ።

ጥቅምት 19
የምግብ ባለሙያዋ ጋ ሄድኩ። በሳህን ሥዕል አስረዳችኝ፤ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እንቁላል ወይም ሥጋ ወይም ምስር፣ የቀረችው ሩብ ብቻ ለዳቦ ወይም ለሩዝ። ጭማቂ ክልክል። ከምግብ በኋላ ሃያ ደቂቃ የእግር ጉዞ።

የስኳር መለኪያና ትንሽ ደብተር ተሰጠኝ። ጣቴን በቀን አራት ጊዜ መውጋት ሊኖርብኝ ነው። ማለዳ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከበላሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች።

ባለቤቴ «አንቺ የምትበይውን ነው የምበላው» ብሎ ማለ። አንጀቴን በላው። እስከ መቼ እንደሚቆይ እናያለን።

ጥቅምት 22
ሦስት ቀን ቆየ። ኪሱ ውስጥ የኬክ ፍርፋሪ አገኘሁ። «የሥራ ባልደረባዬ ልደት ነበር» አለ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሱም።

ጥቅምት 24
አማቴ በወተትና በማር የተቀቀለ ሩዝ ይዘው መጡ። ድስት ሙሉ።

«ለሁለት ነው የምትበይው፣ የኔ ልጅ።»

«እማማ፣ ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ሐኪሙ ስንት ወልዷል?»

እንዳይከፋቸው ሦስት ማንኪያ በላሁ። አራት... እሺ፣ ስድስት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እፊታቸው ለካሁ። 171። ቁጥሩን አሳየኋቸው፣ ምን ማለት እንደሆነም ነገርኳቸው። መለኪያውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ድስቱን ከድነው ወደ በሩ አስጠጉት።

«ሰው እንዲህ ብሎ አይነግረኝም እኮ» አሉ። «እንዳትበላ ብቻ ነው የሚባለው።»

ሲወጡ እንቁላል እወድ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ኅዳር 3
ቀኑ ደህና ነው። 118፣ 126፣ 109። ማለዳው ነው ያስቸገረኝ። 101። 104። 99። እራት ቀነስኩ። ከእራት በኋላ ሰፈሩን ሁለቴ ዞርኩ። የተኛ ሰው ምን በልቶ ነው ስኳሩ የሚወጣው?

ሲስተር ባለፈው «ማለዳው ካልወረደ ኢንሱሊን እንጀምራለን» ብላኛለች። እንደ ቀላል ነገር። ከምትጽፈው ቀና እንኳ አላለችም።

ኅዳር 9
ዛሬ 106 ወጣ። ደብተሩ ላይ 91 ብዬ ጻፍኩ።

አላመነታሁም። የገረመኝ እሱ ነው።

ኅዳር 14
93። 90። 94። አንዱም እውነት አይደለም። ባለቤቴ ደብተሩን አይቶ «ጎበዝ» አለኝ። ምነው ባላለኝ።

ኅዳር 20
ቀጠሮ ነበረኝ። በአልትራሳውንድ ሲያዩት የልጁ ሆድ ለሳምንቱ ከሚገባው በላይ ገዝፏል። ሲስተር ደብተሩን አገላበጠች። እንደገና አገላበጠች። «እንዲህ ዓይነት ቁጥር ይዘሽ ለምን ይሄን ያህል ጨመረ?» አለች፤ ለራሷ ነው የምትለው። ከዚያ መለኪያውን እንድሰጣት እጇን ዘረጋች። አንዲት ቁልፍ ተጫነች። ለካ ሁሉንም ይዞታል... ቀኑን፣ ሰዓቱን። እንደዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም። የሰው ዓይን እየለካሁ ስንቱን «አትገምት» የምል ሰው።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ወንበሯን ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እኔን ብትዋሺኝ እኔ ምንም አልሆንም። ልጅሽ ግን የሚያድገው ደብተሩ ላይ ባለው ቁጥር አይደለም።»

ደብተሩን አንስቼ ዘጋሁት።

«ምንድን ነው የፈራሽው?»

«አባቴን» አልኩ። መርፌውን ልል ነበር።

ቀስ ብላ ነገረችኝ። የማለዳው ስኳር በምግብ ብዙም አይታዘዝም፤ ጥፋትሽ አይደለም። ኢንሱሊኑ ወደ ልጁ አያልፍም። ስትወልጂ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። ለስንት ሳምንት ነው እንግዲህ በከንቱ የተሰቃየሁት?

ከነገ ጀምሮ በየምሽቱ ስምንት ዩኒት ኢንሱሊን።

ኅዳር 21
አልቻልኩም። መርፌውን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ «አምጪው እኔ ልውጋሽ» ብሎ ተቀበለኝ። ሦስት ጊዜ አስጠግቶ መለሰው፣ በአራተኛው ወጋኝ። ቀኑን ሙሉ ከኤሌክትሪክ ጋር የሚውል ሰው።

«ሽቦ አያመውም» አለ።

አባዬ ጋ ደወልኩ። «መርፌ ጀምሪ ተባልኩ» አልኩት። «በስንት ሰዓት ነው የምትወጊው?» አለ።

ኅዳር 22
መጣ። በዚያ እግሩ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ። ሻይ አልፈልግም አለ። እጁን ታጠበ፣ ኮቱን አወለቀ፣ የራሱን መርፌ ከኪሱ አወጣ፣ ሸሚዙን ገለጠ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ የአባቴን ሆድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«እዪ። እንዲህ ቆንጠጥ። ትናንት ከተወጋሽበት ሁለት ጣት ራቅ አድርገሽ። ቀጥ አድርጊና አስገቢ። እስከ አሥር ቁጠሪ። በቃ።»

እዚያው ፊት ለፊቴ ራሱን ወጋ። ፊቱ አልተለወጠም።

ቀጥሎ እኔ። እጄን አልያዘልኝም፤ አጠገቤ ቆሞ ብቻ ቆጠረልኝ። ስድስት ሲል ነው እንደገባ ያወቅኩት። ጣት መወጋቱ ይብሳል።

«ለምን ነበር የምትቆልፈው?» አልኩት።

«እናንተ እንዳትፈሩ።»

«እኛ የፈራነው የተቆለፈውን በር ነበር አባዬ።»

ሸሚዙን እየቆለፈ ቆየ። የመጨረሻው ቁልፍ እንቢ አለው። «አላወቅኩም» አለ።

በእኔ መለኪያ ልለካህ ስለው «የኔ አርጅቷል፣ ተይው» ብሎ ተነሳ። ሐኪም ካየ ስንት ጊዜው ነው? የድሮውን መጠን ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ብቻ ነው መሰለኝ። ልጠይቀው አልኩና... ለመጣበት ቀን ይበቃዋል ብዬ ተውኩት።

ታኅሣሥ 2
93። እውነት።

ታኅሣሥ 17
ስምንት ዩኒት የነበረው ኢንሱሊን አሥራ ስድስት ደርሷል። በጨመሩ ቁጥር እየባሰብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሲስተር «የእንግዴ ልጁ ነው የሚያድገው፣ አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። የልጁ ሆድ እድገት ተስተካክሏል። የአልትራሳውንዱን ሥዕል ለአማቴ ሳሳያቸው «የታለ አፍንጫው?» አሉ። እኔም አላየሁትም። ይኸው ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው።

አባዬ በየምሽቱ ይደውላል። «ወጋሽ?» «ወጋሁ።» «እሺ።» ይዘጋል። በዕድሜዬ ከእሱ ጋር ይሄን ያህል አውርቼ አላውቅም።

ጥር 12
ትናንትና ከትናንት ወዲያ አንድ ሆነውብኛል። ምጡን በመድኃኒት አስጀመሩት። አሥራ አራት ሰዓት። ስለእሱ ሌላ ቀን... ወይም ጭራሽ።

ሴት። ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ። ደህና ነች።

ገና ከመወለዷ ተረከዟን ወጓት። «ስኳሯ ወርዷል፣ 38» አሉ። ሰማይ ተደፋብኝ። «አሁኑኑ አጥቢያት» አሉ፤ አጠባኋት፣ እንዴት እንደሚጠባ ሁለታችንም ሳናውቅ። 47። ቀጥሎ 55። ባለቤቴ ኮሪደር ላይ ቁጥሩን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይነግር ነበር አሉ።

የካቲት 24
የመጨረሻው ምርመራ ዛሬ ነበር። ያንኑ ጣፋጭ እንደገና መጠጣት ነበረብኝ። ልጅቷን የሚይዝልኝ አጣሁና አባዬን ለመንኩት። መጣ። ሁለቱን ሰዓት አቅፏት ተቀመጠ፤ ክንዱ ሲደነዝዝ እንኳ አላቀየረም።

ውጤቱ ደህና ነው። ሲስተር «አሁን የለም። ግን በየዓመቱ ተለኪ፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ነው» አለች። እሺ አልኩ። ደግሞ እለካለሁ።

ከዚያ ወደ አባዬ ዞረች። ሠላም ካለችው በኋላ ልጅቷን አየችለት። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«አባቴ ነው። ስኳር አለበት።»

እፊቱ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ቀና ብዬ ላየው ፈራሁ።

«መቼ ነው መጨረሻ የታዩት?» አለችው።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ «ሦስት ዓመት ከአራት ወር» አለ። ወሩን ሳይቀር ይዞታል። እኔ ረስቶት ነው ስል...

የስኳር ሐኪሙ ክፍል አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው። ሲስተር ደውላ ለመነችለት። ካርድ አወጣን፣ ጠበቅን። ስሙ ሲጠራ ልጅቷን ሰጠኝ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ።

«አንቺም ግቢ» አለኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ወረቀቱን አዘጋጅቶ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው። «ልጅዎ ውጭ ትጠብቅ ወይስ...?»

«ሁሉንም ጠይቀኝ» አለ አባዬ። «እሷም ትስማ።»