የአረፋ ቀሚሳችን

ለእታለሜ ዊዳድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ናፍቆቴ ከኮምቦልቻ ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።

ትናንት የአረፋ ቀሚስ ላሰፋ ደሴ ወጣሁ። የሐረጎን ዳገት እንዳለፍን ጉሙ ተቀበለን። ልብስ ሰፊው ጋሽ በሺር ዛሬም ሰኞ ገበያ ሰፈር እዚያችው የስፌት መኪናው ላይ ነው። አንቺ ለመለካት መቆም ስለማትወጂ እናታችን እኔን ብቻ እያስለካች የሁለታችንንም ስታሰፋ ትዝ አለኝ። «የሸሪፋ ልክ የዊዳድም ልክ ነው» ትል አልነበር?

ከዓመታት በፊት በካንሰሩ የግራ ጡቴን አውጥተው በሲሊኮን ሌላ ሲሠሩልኝ፣ ሐኪሙ «ይሄኛው አይወፍርም፣ አይከሳም» አለን። አንቺ ደግሞ «እሷ ስታረጅ እሱ ኮረዳ ሆኖ ሊቀር ነዋ!» ብለሽ፣ ስፌቱ እስኪያመኝ አሳቅሽኝ።

ጋሽ በሺር የለበስሁት ያምና ቀሚስ አይወፍርም በተባለው በግራ በኩል ጠቦኝ አየና «ማሻአላህ፣ ወፈርሽ» አለኝ። «ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ይወፍራል እንዴ?» ብዬ አሳቅሁት። የአዲሱን ግራ ጎን ሰፋ አድርጎ ሊሰፋልኝ ነው።

ላንቺም የምትወጂውን አረንጓዴ ጨርቅ ገዛሁ። «እንደ ልማዳችሁ በአንቺ ልክ ልቁረጠው?» ሲለኝ ግን ከለከልሁት። ዘንድሮ መጥተሽ ራስሽ ተለኪ። አረፋን አትጠብቂ፣ ቀደም ብለሽ ነይ።

አላህ ዐይን ለዐይን ያገናኘን።

እህትሽ ሸሪፋ