የአባ የአሸዋ ጣሳ

ሰቆጣ፣ ጥር 1992

እሑድ

ዛሬ አላነሣም አሉ። «በሰንበት አይሰገድም፤ አይነሣምም» ብለው ጣሳውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። አባቴ ቄስ ናቸውና ምን ልበል! ክረምት ላይ ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻው አጥንቱን ገጠመው፤ ክንዱ ግን ሰልሎ ቀረ። እንዲጠና ብዬ ነው አሸዋ የሞላ ጣሳ በየቀኑ የማስነሣቸው። የፊታችን እሑድ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች። «እኔ ካላጠመቅኋት ሞቼ እገኛለሁ» ብለዋል። ሦስቴ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማውጣት እኮ ነው፣ በዚያ ክንድ!

ሰኞ

ልጄን ጤና ጣቢያ አስመዘንኩ። አራት ኪሎ ከስምንት መቶ። ጎሽ የኔ እመቤት! ከዚያ ጣሳው ላይ አሸዋ ጨምሬ፣ እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ልክ እሷን አሳከልኩት።

የስፖርት መምህርት ነኝ። ኮሌጅ ሳለን ኬትልቤል የሚሉት ባለ እጀታ የብረት ኳስ ነበረን። እዚህ ከየት ይመጣል? የእርዳታ ዘይት ጣሳ፣ አሸዋ፣ የሽቦ እጀታ፣ በቃ። ልጅቷ በጨመረች ቁጥር ጣሳውም ይጨምራል።

አባ «እግዚኦ» እያሉ ቆጥረው ዐሥራ ሁለት ጊዜ አነሡ። ባለፈው ወር አራት እንኳ አልቻሉም ነበር።

ረቡዕ

ትናንት ማለዳ ለተዝካር እዚሁ አጠገባችን ወዳለችው ዝቋላ ወረዳ ሄዱ። ጣሳው በር ሥር ቁጭ ብሏል። ሳየው ይከፋኛል።

ሐሙስ

ተመለሱ። እግራቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ጣሳውን ያዙ። ጓዳ ሆኜ ልጄን ሳጠባ እሰማለሁ፤ «እግዚኦ፣ እግዚኦ…» አያበቃም። ሠላሳ ስድስት! የማክሰኞን፣ የረቡዕን፣ የሐሙስን ባንድ ላይ። ስወጣ የውኃ ኩባያ መያዝ አቅቷቸዋል። «ያጓደልኩትን ስግደት እንዲህ ነው የምሞላው» አሉኝ።

አባቴ ላይ ጮህኩ። «ክንድ እንደሱ አይደለም አባ! ያለፈው አለፈ፤ የዕለቱን ብቻ ያንሡ!»

«እሺ የኔ ንስሐ አባት» ብለው ሣቁ። እኔ አለቀስኩ።

ዓርብ

ክንዳቸው አብጧል። በሞቀ የጨው ውኃ አሸሁላቸው። አሸዋውን አጉድዬ ሰጠኋቸው፤ ስድስቴ አነሡ፣ ቀስ ብለው። ቅር ብሏቸዋል፤ ግን ታዘዙኝ።

ልናዘዝ። ጎረቤታችንን ቄስ «እሑድ እርስዎ ያጥምቁልኝ» ልላቸው ደጃቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አባቴን እወዳለሁ። ልጄ ከእጃቸው ብታመልጥስ?

ቅዳሜ

ሰንበት ነው፤ ጣሳው ዐረፈ። አባ ልጅቷን ታቅፈው ብዙ ቆዩ። ቀና ሳይሉ፣ «ነገ ጎረቤታችንን ቄስ አጠገቤ አቁሚልኝ። እጄ ከሰነፈ ይቀበለኝ» አሉ።

እሳቸው ናቸው ያሉት! ደጅ ድረስ መሄዴን አልነገርኳቸውም። እጃቸውን ሳምኩ።

እሑድ

አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። የጎረቤታችን ቄስ እጅ ከሥር መጣ። ሳይነካት ልጄ ከውኃው ወጣች፤ ጩኸቷ ደስ ሲል! እልል ያልኩት ቀድሜ ነው መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በኋላ አባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጣሳው እኮ አይንፈራገጥም» አሉኝ።

ሰኞ

አሸዋውን ልደፋ ጣሳውን ሳወጣ ደጅ ላይ ደረሱብኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አለቀ እኮ አባ።»

«ልጅቷ ማደጓን ተወችው እንዴ?»

ጣሳውን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ በቀኝ እጃቸው። ወስደው ቦታው መለሱት። ነገ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመዝናታለሁ።