ወደ ጅቡቲ ያልሄደው ሽንኩርት

ሰኔ 6 ቀን 1970፣ ሸዋ ሮቢት
ሙቀት። የእርሻ ጽሕፈት ቤታችንን የዓመት ሪፖርት ጀመርኩ። ከዚህ በመኪና እስከ ባቡሩ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ የሄደ ሽንኩርት... አምና ዘጠና ሁለት መኪና። ዘንድሮ አሥራ አንድ። ደግሜ አየሁት። ያው። ጦርነቱ የባቡሩን ሐዲድ ከቆረጠው ወዲህ በምን ሊሄድ ኖሯል?

ሰኔ 9
አለቃዬ ጓድ ሰይፉ ሪፖርቱን መለሰልኝ።
"ንግዱ ካምናው በሲሶ አደገ በይ።"
"የቱ ንግድ፣ ጓድ?"
"ቆንጅት፣ ከላይ የሚጠበቀው ይኼ ነው። ዕቅዱም በዚሁ ይወጣል።"
ዕቅዱን አሳየኝ። ወንዝ ዳር ያለው ማሽላ ተገልብጦ ሽንኩርት ሊተከልበት! ማን ሊወስደው?

ሰኔ 11
ወንዝ ዳር ወረድኩ። ማሽላው ጉልበቴን አልፏል። እትዬ መሪያም ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አምስት ልጅ የሚያሳድጉት በዚህችው ማሳ ነው። ዕቅዱን ነገርኳቸው... መንገር ነበረብኝ?
መኮትኮቻቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ከዚያ፣ "የበጋው ሽንኩርት እዚሁ ደጄ በሰበሰ። ልጆቼን ሽንኩርት ላብላ? ወላሂ፣ በሬ ጠምደው ቢመጡ እፊቱ እተኛለሁ!"
እሳቸው በሬ ፊት ሊተኙ፣ እኔ ወረቀት ልፍራ?

ሰኔ 14
አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ። አልቀይርም።

ሰኔ 17
ሰይፉ ራሱ ጽፎ "ፈርሚ" አለኝ። አልፈረምኩም።
"ፀረ አብዮት መባል አማረሽ?"
አንገቴን ደፋሁ፤ እስክሪብቶዬንም ጠረጴዛ ሥር ደበቅኩት። መፍራቴን አይቶብኝ ይሆን? ይይ!

ሰኔ 20
ስብሰባ። ከክፍለ ሀገር የመጡ ኃላፊዎች፣ ገበሬዎች፣ እኛ። ሰይፉ "አድጓል" ብሎ አነበበ። ሊጨበጨብ ሲል ተነሳሁ።
"መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። አላደገም። የሄደው አሥራ አንድ መኪና ነው።"
የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አብዱረዛቅ ተነሱ።
"እውነቷን ነው። ሲጫን ቆሜ ነበር። የቀረው በስብሷል።"
ሌላ ገበሬ ተነሳ። ሌላም። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና "ዕቅዱ ይቆይ" አለ።
ይቆይ!

ሰኔ 23
የዝውውር ደብዳቤ። ካራቆሬ፣ መጋዘን ጠባቂ። ከሦስት ቀን በላይ አልታገሡኝም።

ኅዳር 8 ቀን 1971፣ ካራቆሬ
እትዬ መሪያም በመኪና መጡ። ማሽላው ታጭዷል። ማንም በሬ ጠምዶ አልመጣባቸውም። አንድ ቁና ማሽላ ይዘውልኝ መጥተዋል። "በኛ የተነሳ ተሰደድሽ" ብለው አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም።
ከሰዓት እዚህ አዲስ የተሾመው አለቃችን መጋዘን ድረስ መጣ።
"በስብሰባ አለቃዋን ያዋረደችው አንቺ ነሽ አሉ?"
ድሮ ቢሆን አንገቴን እደፋ ነበር። ቀና ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት።
"አዎ፣ እኔ ነኝ።"