ፊቱን ወደ ውሃ ያዞረ ቤት

ለማከብርሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ለያሚላ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። እትዬ፣ ለጤናሽ እንዴት ከረምሽ? ሀምዳንስ እንዴት ነው፤ ያ ወገቡን የሚይዘው ነገር ተወው ወይስ ዛሬም የሩዙን ጆንያ እኔው ካልተሸከምኩ እያለ ያስቸግርሻል? ልጆቹ ደህና ናቸው? ሱቁስ እንዴት ይዟችኋል? የፔናንግ ዝናብስ ይመታችኋል? እኛ ጋ ባንኮክ ሰማዩ ተቀዶ ነው የከረመው። እኛ ሁላችንም፣ ምስጋና ለአላህ ይሁን፣ ደህና ነን። ሮኪያ ደህና ናት፣ ልጃችን ሱራያ ደህና ናት፣ አባባም እንደ ዕድሜያቸው ደህና ናቸው። እንደ ዕድሜያቸው ያልኩትን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ምን ላድርግ፣ በስልክ ስለ አባባ ስጀምርልሽ "ድምፅህ ይቆራረጣል" ትይኛለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም። ስለዚህ ሻይሽን ቀድተሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሳያባራ ሲዘንብ ሰነበተና ቦዩ ሞልቶ ወጣ። እርሻችን ላይ የተሠራውን ሰፈር መንገዱን በሙሉ ሸፈነው። ሰፈሩን "ወርቃማ እሸት" ብለውታል፤ እሸት ግን ለመድኃኒት አይገኝበትም። ጠዋት ከሱብሒ ሰላት በኋላ ዝናቡ ሲቆም እኔና አባባ ወጣ አልን። እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ! አስፋልት የለም፣ የእግረኛ መንገድ የለም፣ ሰማይ ብቻ ነው መሬት ላይ ተነጥፎ የሚታየው። ውሃው የሩዝ ችግኝ ሊተከልበት እንደተዘጋጀ ማሳ ጸጥ ብሏል። እነዚያ ነጫጭ የውሃ ወፎች ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ የመኪና ጣሪያ ላይ ቆመው ቁልቁል ያያሉ። በልጅነታችን በዝናብ ቀን ከማሳ ወደ ማሳ እየተሳበ ይሄድ የነበረው ዓሣም ወጥቷል። አንዱ የሰው ቤት የብረት በር ሥር ደርሶ መግቢያ ሲፈልግ አየሁት። ቆሜ ቀረሁ። ሕልም ከሆነ አትቀስቅሱኝ የሚያሰኝ ጠዋት ነበር።

አባባ ሽርጣቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና መሬቱን በእግራቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "ዳዉድ፣ ውሃው ልክ ነው። ችግኙን ለምን አላመጣኸውም?" አሉኝ። "ነገ እናመጣዋለን አባባ" አልኳቸው። ይሄን ጊዜ የሰፈሩ ዘበኛ ወጥቶ "አባት፣ የማን እንግዳ ነዎት?" ሲል ጠየቃቸው። ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም። አባባ ቀና ብለው አዩትና "እኔማ የማንም እንግዳ አይደለሁ። ይልቅ አንተ የማን እንግዳ ነህ? ቁርስ ሰጡህ?" አሉት። ዘበኛው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። አባባ ግን የምራቸውን ነበር።

እንግዲህ እንደ ዕድሜያቸው ማለቴ ይኸው ነው። አንዳንድ ቀን ከእኛ ጋር ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ማሳው ውስጥ ናቸው። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እየሄዱ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋሉ። መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር። ለካ ድሮ የማሳው ድንበር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው የሚታጠፉት። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ አውድማችን እዚያ ነበራ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አንዳንዴ አብሬያቸው እታጠፋለሁ። ሰው ቢያየን ሁለት ሰካራም ነው የሚለን።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ነገር ልምጣ። ዝናቡ ሲያበቃ፣ ኢንሻ አላህ፣ የሱራያ ኒካ ነው። ልጁ ፋይሳል ይባላል፤ የመሀል ከተማ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ብቻ ሲበላ ያፍራል። ጭንቁ ቤታችን ነበር። እንደምታውቂው ፊቱ ወደ ቦዩ ነው። መንገዱ የመጣው ደግሞ በጀርባችን በኩል ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው የሮኪያን የዓሣ መጥበሻ ነው። ሮኪያ የሰርጉ ቀን ከተቆረጠ ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። "የሙሽራው እናት በዚያ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማዋ የሽንኩርት ልጣጭ እየረገጠች፣ በኩሽና ልትገባልኝ ነው? ከዚያስ ብትገድሉኝ ይሻላል!" አለችኝ። ቤቱን አፍርሰን ፊቱን ወደ መንገዱ እንድናዞረው ተስማማን። የእንጨት ግድግዳው በሽብልቅ የተያያዘ ስለሆነ ይፈታል። የአጎት ዮሶብን ቤት መንደርተኛው ሁሉ ተሸክሞ ሲያዞረው ትዝ ይልሻል? አንቺ የመጠጥ ውሃ ስታድዪ ነበር። ዛሬ ግን ተሸካሚ መንደር ስለሌለ ሦስት አናጢዎች ቀጠርን።

አናጢዎቹ ከየት ቢጀምሩ ጥሩ ነው? ጀልባ ከሚቆምበት፣ ወደ ቦዩ ከሚያወርደው የእንጨት ደረጃ። የመጀመሪያውን ሚስማር ሳይነቅሉ አባባ መጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ተነሡ ብንላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ሮኪያ ትዕግሥቷ አለቀና "አባባ፣ ጀልባ እኮ ከቆመ ስንት ዘመኑ! በዚያ በኩል ከአርጃኖ በቀር ማን ይመጣል?" አለቻቸው። ከዚያ፣ ክፋት አስባ አይደለም፣ እንዲያውም መልካም ያሰበች መስሏት፣ ስምሽን አነሣችው። "ደግሞ ለያሚላም ይሻላታል። ይህን ደረጃ እንዳትረግጪ ነው ያሏት። አዲሱ ደረጃ በመንገዱ በኩል ሲሆንላት ትገባለች፤ የእርስዎም ቃል አይፈርስ፣ እሷም ትምጣ" አለቻቸው።

እትዬ፣ ስምሽ በእሳቸው ፊት ሲነሣ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው። እኔ ዓይኔን ወደ ውሃው መለስኩ። ከቤት የወጣሽ ቀን ጀልባው ውስጥ መቅዘፊያውን ይዤ ሻንጣሽን ስቀበልሽ ነበር። መሬቱን ይሽጡት፣ ከተማው መምጣቱ አይቀርም ስላልሻቸው "የእናትሽን አፈር በአፍሽ ሸጥሽው። ይህን ደረጃ ዳግመኛ እንዳትረግጪ" ሲሉሽ ፊትሽን አይቻለሁ። እስከ ትልቁ ቦይ ድረስ እኔው ቀዝፌ አደረስኩሽ።

አባባ የተቀመጡበትን ሳንቃ በእጃቸው ዳበሱት። አናጢዎቹ የመጡ ቀን አእምሯቸው ሙሉ ነበር፤ ማሳም አላነሡ፣ ችግኝም አላነሡ። "ያሚላ ልክ ነበረች" አሉ። "ብዙም ሳይቆይ ውሃው ሲበላሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሸጥ፣ እኔው በእጄ ፈርሜ ሸጥኩት። ያንን ክፉ ቃል የተናገርኩት እዚህ ተቀምጬ ነው። የምመልሰውም እዚሁ ተቀምጬ ነው። ደረጃውን ከወሰዳችሁብኝ የት ሆኜ ልመልሰው ነው? ኩሽና ውስጥ?"

በየዓመቱ ዝናቡ ሲያበቃ ውሃ ያበሰበሰውን የታችኛውን ሳንቃ አውጥተው አዲስ ሲመቱ እናይ ነበር። ጀልባ በማይመጣበት ደረጃ ምን ያደክማቸዋል እንል ነበር። ግትርነት መስሎን፣ በጓሮ እንስቅባቸው ነበር እኮ። ለካ አንቺን ሲጠብቁ ነው።

ትልቁ አናጢ መዶሻውን ወደ ቦርሳው መለሰና "እኔ ይህን ደረጃ አልነካም፤ ሻይ ካላችሁ ግን ስጡኝ" አለ። ሮኪያ ኩሽና ገብታ አለቀሰች። ስትመለስ ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ "እሺ፣ እንዲያ ከሆነ ሙሽራውም በጀልባ ይምጣ! እናቱም ጫማዋን በእጇ ትያዘው!" አለች። እንዲህ ሆኖ ተቆረጠ። የአጎት ዮሶብ የሞተር ጀልባ እየተቀባች ነው። የፋይሳል እናት ዋና አልችልም፣ ከሐር ልብሴ ላይ መንሳፈፊያ ካላጠለቃችሁልኝ አልሳፈርም ብላለች። ለዚህስ ቢሆን መምጣት አያስፈልግሽም?

እትዬ፣ ነይ። አሁን ድምፅህ ይቆራረጣል ልትይኝ አትችይም። የአባባ ብሩህ ቀን እያጠረ፣ የማሳው ቀን እየረዘመ ነው። አንቺን አንቺ ብለው የሚያውቁበት ቀን ሳያልፍ ነይልኝ። ከአውሮፕላን ስትወርጂ ባለታክሲው "ወርቃማ እሸት እስከ ደጃፉ አደርስሻለሁ" ይልሻል፤ እንዳትሰሚው። እስከ መስጊዳችን የጀልባ መሻገሪያ ብቻ ይውሰድሽ። አጎት ዮሶብ እዚያ ይጠብቅሻል። በውሃው በኩል ነይ። ስትደርሺም ፈጥነሽ ደረጃው ላይ አትውጪ፣ ጀልባው ውስጥ ሆነሽ ጠብቂያቸው። ምናልባት ያን ቀን ማሳው ውስጥ ከሆኑና "ችግኙን አመጣሽ?" ካሉሽ "አዎ፣ አምጥቻለሁ" በያቸው። ደግሞም ጠብቂያቸው።

ትናንት ከአስር ሰላት በኋላ ደረጃው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሲናገሩ ሰማኋቸው። ዱዓ መስሎኝ ቀስ ብዬ ቀረብኩ። ውሃውን እያዩ "ግቢ ልጄ፣ ግቢ" ይላሉ። ደግመው ደግመው ይሉታል። እንዳይረሱት ነው የሚለማመዱት።

ሮኪያ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች፤ በምላሷ እንዳትቀየሚያትም ትለምንሻለች። ሱራያ አክስቴ ሳትመጣ ሂና አልቀባም ብላለች። አጎት ዮሶብ ስትሳፈሪ እንደ ድሮው እንዳታስመልሺ ይልሻል። ለሀምዳንና ለልጆቹ አንድ በአንድ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባባ ምን ልበልላቸው ብዬ ስጠይቃቸው "አንተ ምንም አትበላት። እኔ እነግራታለሁ" ብለዋል።

ወንድምሽ ዳዉድ

ላም ሳይ፣ የባንኮክ ዳርቻ
ኦክቶበር 12 ቀን 2017