በማዕረግ የተደለደለው የመምታት ተራ

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። እማዬ ደህና ናት፤ ዳገት ስትወጣ ብቻ ጉልበቷን ያማታል። ክፍልህን አከራይተነዋል፤ ጫማዎችህን ግን ለማንም አልሰጠችም። እኔም አንተ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ እየሠራሁ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስላናደደኝ ነገር ነው። ከዩኒቨርሲቲው ህንዳውያን መምህራን ክሪኬት ተምረህ ያቋቋምከውን የሠራተኞች ቡድን አሁን የሚመራው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደምሴ ነው። አዎ፣ ያ ልምምድ ላይ ዝር ሳይል ፎቶ ሲሆን መሃል የሚቆመው።

ከህንዳውያኑ ጋር ሙሉ ቀን የሚፈጅ ጨዋታ ነበረን። ዋዜማውን ደምሴ ኳስ የመምታት ተራውን ደልድሎ እንድገለብጠው ሰጠኝ። አንደኛ ራሱ፣ ሁለተኛ የፋይናንስ ኃላፊው፣ ሦስተኛ የመዝገብ ቤት ኃላፊው፤ የስብሰባ ወንበር የሚያድል ነው የሚመስለው። ጋሽ ጳውሎስ አሥራ አንደኛ፣ የመጨረሻ። ጥበቃ ናቸዋ!

አንተ ሁልጊዜ እሳቸውን ታስቀድም ነበር። ጠረጴዛ ላይ ቆርኪ እየደረደርክ ምክንያቱን ስታስረዳኝ ትዝ ይለኛል፤ አዲስ ኳስ ጠንካራና ፈጣን ስለሆነ መጀመሪያ ትዕግሥተኛ ሰው ይገባል፣ ወርዋሪዎቹ ሲደክሙ ኃይለኞቹ ይከተላሉ። ከገሱባ መጥተው ሃያ ዓመት በር የጠበቁ ሰው ከመቺው ኋላ የተተከሉትን፣ ኳስ ከነካቸው የሚያስወጡትን ሦስት እንጨቶች መጠበቅ አያቅታቸውም እያልክ ትስቅ ነበር።

«አባቴ ጋሽ ጳውሎስን ነበር የሚያስቀድመው» አልኩት።

«እንግዳ ፊት ዘበኛ አናስቀድምም» አለኝ።

እንዳለው ገለበጥኩት። ያን ዕለት ከእሱ እኩል ራሴን ናቅሁ።

ደምሴ ጥቁር መነጽር አድርጎ ገባ። ሁለተኛው ኳስ ከኋላው ያሉትን እንጨቶች በተናቸው። ምን ቢል ጥሩ ነው? «የዳሞታ ተራራ ነፋስ ነው የጣላቸው!» ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም ነበር። ኃላፊዎቹ ሁሉ እየተንጎማለሉ ገብተው እየሮጡ ወጡ። ጋሽ ጳውሎስ ሲገቡ ያለቀ ነገር ነበር። እሳቸው ግን ኳሱን በእርጋታ እየመለሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ፤ አብሯቸው የሚመታው ሲሸነፍ የቡድናችን ተራ አበቃ፤ እሳቸው ግን ሳይሸነፉ ቀሩ። የህንዳውያኑ አምበል ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ። ደምሴ ፎቶ አንሺ እየፈለገ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

በወላይትኛ መለሱልኝ፤ «ልጄ፣ እኔ እኮ ቆሜ ነው የወጣሁት።»

ሰኞ በቡድኑ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሌላ ድልድል አነበብኩ። አንደኛ፣ ጋሽ ጳውሎስ። ደምሴ የፈቀደልሽ ማነው ብሎ ጮኸ። ድልድሌን የሚደግፍ እጁን ያውጣ አልኩ። የፋይናንስ ኃላፊው ሳይቀር አወጣ፤ ደምሴ በሩን አላትሞ ወጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ጳውሎስ ቀድመው ገቡ፤ እስከ ምሳ ድረስም አልወጡም። ጨዋታው አሰልቺ ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም።

አባዬ፣ መቃብርህ ላይ አበባ ማኖር እማዬ አታስታጉልም። እኔ የማስታውስህ ሰውን በሚችልበት ቦታ ባቆምኩ ቁጥር ይሆናል። ይህን ቃል ሰጥቼሃለሁ።

ልጅህ